ብቻዋን የጠጣችው ቡና

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ድምፃችሁ የት ገባ? ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

እንዲያ በሉኝ። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩንም ገፋ አድርጉት፤ ብርድ ይገባል። የዛሬው ተረት ስለ ኀፍረት ነው። ሳቅም አለበት፤ ግን ሳቃችሁን ከመጀመሪያው አትጨርሱት።

በድሮ ዘመን፣ ዋንዛ በር በምትባል መንደር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። እናትና አባቷ ሞተውባት ለብቻዋ ትኖር ነበር። ዓይነ አፋር ናት። ሰው ሲሰበሰብ ከሰው ኋላ ትቀመጣለች። ደህና ዋልሽ ሲሏት ጆሮዋ ድረስ ትቀላለች። «አንጓች አፏን የምትከፍተው ለጉርሻና ለማዛጋት ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ያች መንደር አንድ ልማድ ነበራት። ምስክር የሌለው ነገር ሲገጥም፣ በሬ ሲጠፋ ወይም ድንበር ሲገፋ፣ እንደ ሌላው አገር አውጫጭኝ ተቀምጠው ሰውን ሁሉ በመሐላ አይመረምሩም። አድማጭ ያስቀምጣሉ። አድማጭ ማለት ከዋርካው ሥር በዝምታ የሚቀመጥ ሰው ነው። ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትንፋሹን ይከተላል። ልቡ እንደ እርጎ ሲረጋ የተጠረጠሩት ሰዎች አንድ በአንድ መጥተው ከፊቱ ይቆማሉ። አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ ተደግሞ እስኪያልቅ ይቆሙና ያልፋሉ። እነርሱ አይናገሩም፤ አድማጩም አይጠይቅም። ባጠፋው ሰው ፊት ግን ያ የረጋው ልብ ይመታል። ያኔ አድማጩ በጣቱ ያመለክታል። ፍርዱ እሱ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

አርባ ዓመት አድማጭ የነበሩት አባ ጎንጤ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እርሳቸው አረጁና ዓይናቸው ጠፋ፤ ወገባቸውም መቀመጥ አቃተው። መንደሩ ተተኪ ፈለገና አንጓችን መረጣት። «ዝምተኛ ናት፤ ዝምተኛ ደግሞ ጥልቅ ነው» አሉ። አንጓች ግን ዝም የምትለው ስለምትፈራ ነበር። ይህንን ለመንገርም ፈራችና እሺ አለች።

አባ ጎንጤም አስተማሯት፦

— ልጄ፣ ትንፋሽሽ ሲገባ አብረሽው ግቢ፣ ሲወጣ አብረሽው ውጪ። ሐሳብ ሲመጣ አትደብድቢው፤ እንደ መንገደኛ ይለፍ። ልትቀመጪ ስትዪ ከውሃ በቀር በጉሮሮሽ ምንም አይለፍ።

— እሺ አባባ።

— ገባሽ?

— ገባኝ አባባ።

አልገባትም ነበር። ግን እንዴት ብላ ትጠይቅ?

ከዚያም የመጀመሪያዋ ቀን ደረሰች። የጠፋ ማረሻ ነበር ነገሩ። መንደሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አንጓች ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿን ተከተለች። ሲገባ ገባች፣ ሲወጣ ወጣች፣ ሲገባ ገባች፣ ከዚያ ወዲያ አልወጣችም። እንቅልፍ ወሰዳት። አንገቷ ዘመም አለ፤ አፏም ተከፈተ። ሁለተኛው ሰው ከፊቷ ሲቆም ያንኮራፋችው ማንኮራፋት ዋርካው ላይ ያረፉትን ወፎች አስነሣ።

— አድማጫችን፣ ምን ሰማሽ? አለ አንዱ።

— ሕልም! አለ ሌላው።

ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማረሻው በኋላ ከገለባ ሥር ተገኘ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ለአንጓች ግን አላለቀም። ወደ ቤቷ ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እያንኮራፉ ይቀበሏታል። «ሁለተኛስ እንዲህ ከምሆን ብሞት ይሻለኛል» አለችና ዘዴ ፈለገች።

እንቅልፍን ምን ያባርረዋል? ቡና።

እናንተ እንደምታውቁት ቡና ብቻውን አይጠጣም። ቡና ያፈላ ሰው ጎረቤት ይጠራል፤ ሳይጠራ የጠጣ ሰው ስሙ ይጠፋል። አንጓች ጎረቤት ብትጠራ ደግሞ ምስጢሯ ይወጣል፤ አድማጭ ከውሃ በቀር አይቀምስማ። ስለዚህ በሯን ዘጋች። ቡናውን ቆላች። ሙቀጫው እንዳይሰማ ደበሎ ደርባበት ወቀጠችው። አንዲት ሲኒ ጠጣችና ጥግ ይዛ ለልምምድ ተቀመጠች።

አቤት ንቃት! ዓይኗ እንደ ኮከብ በራ። ሐሳቧ እንደ ፈረስ ጋለበ። ከቤቷ ወጥቶ ወንዝ ተሻገረ፣ ገበያ ደርሶ ተመለሰ፣ የሴቶቹን ፌዝ አስታወሰ፣ መልሱንም አዘጋጀ። ትንፋሿን ከመቁጠር በቀር ሁሉን ሠራች። አላንቀላፋችም ግን። መንቃትና መርጋት አንድ መሰላት። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች።

በማግስቱ ጎረቤቷ የሻረግ አጥር ላይ ቆማ ጠራቻት። የሻረግ የሦስት ወር አራስ ናት፤ አፍንጫዋም ንቁ ነው።

— አንቺ አንጓች! ትናንት ቡና ሸተተኝ ልበል?

— ቆሎ ነው የቆላሁት።

— ቆሎ? ቆሎው ምነው ቡና ቡና አለ?

— አረረብኝ፤ አለችና ገባች። ጆሮዋ ነደደ።

ከዚያም የዘር ጊዜ መጣ። እማማ የውብዳር የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ የመንደሩ አዋላጅ ናቸው። ዋንዛ በር ውስጥ በእርሳቸው እጅ ያልተወለደ ልጅ የለም። አንድ ቀን አጥራቸው ፈርሶባቸው ደቦ ጠሩ፤ ሰባት ወንዶች መጥተው ሲያጥሩላቸው ዋሉ። ሰዎቹ ሲሄዱ እማማ የውብዳር ጎተራቸውን ቢያዩ፣ ለዘር ያስቀመጡት የጤፍ ከረጢት የለም። ባልቴቷ መሬት ላይ ተቀምጠው ጮኹ፦

— የሰው ልጅ በጄ ስቀበል እኖራለሁ፤ የእጄ ዋጋ ይህ ነው?

መንደሩ ተናደደ። ሰባቱ ሰዎች ነገ ጠዋት አድማጯ ፊት ይቁሙ ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት አንጓች በሯን ዘጋች። ልቧ ፈርቶ ነበርና አንዲት ሲኒ አልበቃ አላት። አቦሉን ጠጣች። ቶናውንም ጠጣች። ሰውን ወደ ዋርካው የሚጠራው መለከት ሲነፋ በረካውን ቆማ ጨለጠችና እየሮጠች ሄዳ ዋርካው ሥር ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ሰው መጥቶ ቆመ። ልቧ ዝም አለ። ሁለተኛው ቆመና አለፈ። ሦስተኛው ቆመና አለፈ። ልቧ ዝም ነው። አራተኛው ሲቆም ግን፣ ድም! ድም ድም! ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ደረሰ። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ በግንባሯ መጣ። «ይኸው! አባ ጎንጤ የነገሩኝ ይህ ነው!» አለችና ዓይኗን እንደ ጨፈነች ጣቷን ዘረጋች።

ሕዝቡ እልል አለ። ዓይኗን ብትገልጥ ከፊቷ የቆመው ሸማኔው አድማሱ ነበር። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አድማጭ ፊት አይነገርማ። የቀሩት ሦስት ሰዎች ከፊቷ ሳይቆሙ በዚያው ተበተኑ። መሄጃ ላይም «ድሮም ሸማኔ!» ያለ አልጠፋም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አድማሱን እሳት የሚያስጭረው ጠፋ። ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ። ሴቶቹ የፈተሉትን ፈትል ይዘው የማዶውን ሸማኔ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዱ ጀመር። መሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ሸረሪት ድሯን አደራች። ሚስቱ ስመኝ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ የበኩሯ ነው። እማማ የውብዳር በሰው ፊት ማሉ፦

— ዘሬን የበላ ሰው ቤት እግሬ አይረግጥም!

አንጓች ግን ከበረች። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ማንም አያንኮራፋም፤ ቦታ ይለቁላታል። ማታ ተኝታ ጣሪያውን ስታይ ያ የልብ ምት ትዝ ይላትና ደስ ይላት ነበር።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያም ሌላ ነገር ተነሣ፤ የድንበር ነገር። አንጓች እንደ ልማዷ በሯን ዘጋችና አቦል፣ ቶና፣ በረካዋን ጠጣች። መለከቱን ስትጠብቅ በሩ ተበረገደ። የሻረግ ናት፤ ሕፃኗን ይዛለች።

— እባክሽ ያዢልኝ! ጥጃዬ ገደል ሊገባ ነው!

ሕፃኑን ጭኗ ላይ ጥላ ሮጠች። ሕፃኑ አንጓችን አየና በድዱ ሳቀ። ያኔ፣ ድም! ድም ድም! ልቧ ደረቷን መታው። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ በግንባሯ መጣ። ያው ምት ነው። በአድማሱ ፊት የመታው፣ ያው ራሱ።

አንጓች ሕፃኑን ትክ ብላ አየችው።

— አንተ ደግሞ ምን ሰረቅህ? አለችው።

ሕፃኑ አውራ ጣቱን ይጠባል።

ፊቷን ወደ ምሰሶው አዞረች፤ ልቧ ይመታል። ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ይመታል። የእንስራዋን አፍ አየች፤ ይመታል። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ሌባ ሆነ። ከዚያም ዓይኗ ሲኒው ላይ ወደቀ። ሁሉም ነገር ገባት። በዚያ ቀን ቡናው ደሟ ውስጥ ሲገባ ከፊቷ የቆመው አድማሱ ነበር። ቡናው ጥቂት ቀደም ቢል ኖሮ ሦስተኛው ሰው ሌባ ይሆን ነበር፤ ጥቂት ቢዘገይ አምስተኛው።

የሻረግ ስትመለስ አንጓች ሕፃኑን ታቅፋ ታለቅስ ነበር።

— ምነው? ሸናብሽ?

— ሸናብኝ፤ አለች አንጓች። እውነቱን መናገር አሁንም አልቻለችም።

አሞኛል ብላ ሰዎቹን አስመለሰችና ወደ አባ ጎንጤ ሄደች። እግራቸው ላይ ወድቃ ሁሉን ነገረቻቸው።

— እኔም አንቀላፍቼ አውቃለሁ፤ አሉ ሽማግሌው።

— እርስዎ አባባ? ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?

— አንቀላፋሁ እላለሁ። ሰው ይስቃል። በማግስቱ እንደገና እቀመጣለሁ። ልጄ፣ የሚያንቀላፋ ልብ ቢያንስ አይዋሽም።

— አሁን ምን ላድርግ?

— እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የበደልሽውን ሰው ጠይቂው እንጂ።

አንጓች ወደ ቤቷ ተመለሰች። አንድ ቀን ዋለች፣ ሁለተኛም ዋለች። ቡናውን ተወችውና ራሷ እንደ ድንጋይ ከበዳት። ከራስ ምታቱ የባሰው ግን ሐሳቧ ነበር። «ማንም አላየኝም። ማንም አያውቅም። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ አድማሱ ሰርቆ ቢሆንስ?» ይላታል። ይህንን ባሰበች ቁጥር በባዶ ቤት ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች። በሦስተኛው ቀን ስመኝን አየቻት። ከሴቶቹ በታች፣ ከብቶች ከሚጠጡበት ወራጅ፣ ደፍርሶ የቀረውን ውሃ ትቀዳ ነበር። ሆዷ ገፍቷል። እንስራውን የሚያሸክማት አጥታ መጀመሪያ በጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ በድንጋይ ላይ፣ ከዚያ በጀርባዋ አደረገችው። ቀና ስትል ዓይናቸው ተገናኘ። ስመኝ አልተሳደበችም። ጎንበስ ብላ መንገዷን ሄደች።

እሑድ ቀን መንደሩ ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ አንጓች መጣች። አንገቷ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክማለች። በአገራችን እንዲህ ነው፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ የተበደለው «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። ያቺ ሲያናግሯት የምትቀላ ሴት በሕዝብ መካከል ቆመችና ተናገረች።

— በአድማሱ ላይ ያመለከትሁት ልቤ ነግሮኝ አይደለም። እንዳላንቀላፋ ቡና ጠጥቼ ነበር። የመታው ቡናው ነው።

— ቡና? አሉ ሽማግሎቹ።

— ቡና።

— ከማን ጋር ነው የጠጣሽው? አለች የሻረግ ብድግ ብላ።

— ብቻዬን።

— ብቻሽን!

— በሬን ዘግቼ። እስከ በረካው።

ያን ጊዜ ነው ጉድ የፈላው። በሐሰት ከመፍረዷ ይልቅ ብቻዋን መጠጣቷ ሴቶቹን አንገበገባቸው። «እስከ በረካው!» ይላሉ እየተያዩ። የሻረግ ወገቧን ይዛ፦

— ቆሎ ነው አላልሽኝም? የአራስን አፍንጫ ትዋሺያለሽ?

— ዋሸሁ።

ወንዶቹ ሳቁ፤ ሴቶቹ ተፉ። እማማ የውብዳር ግን አልሳቁም፤ አልተፉምም። በትራቸውን መሬት ላይ መቱና፦

— ታዲያ ሌባዬ ማነው?

— አላውቅም እማማ።

— አድማሱ ነው ወይስ አይደለም?

— አላውቅም።

— እንግዲያው ምን ልታደርጊልኝ መጣሽ? የነበረኝን ሌባ ልትወስጂብኝ ነው? አሉና ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አንጓች ድንጋዩን እንደ ተሸከመች ወደ ሸማኔው ቤት ወጣች። ከኋላዋ አንዱ «ድም ድም!» እያለ ደረቱን ይመታል። አልዞረችም።

አድማሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። መወርወሪያውን በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል፤ የሚወረውረው ማግ ግን የለውም። አንጓች ከፊቱ ቆመችና ለመንደሩ የተናገረችውን ደግማ ነገረችው። ቀና ብሎ አላያትም።

— አሁንስ ልብሽ ምን አለሽ? ሌባ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

«አይደለህም» ልትለው ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ደስ እንዲለው፣ ድንጋዩም እንዲወርድላት። ግን ይህም ሌላ ውሸት መሆኑን አወቀችና አፏን መለሰች።

— ልቤ አያውቅም። አባ ጎንጤ የበደልሽውን ጠይቂው አሉኝ። አድማሱ፣ የእማማ የውብዳርን ዘር ወስደሃል?

አድማሱ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

— አልወሰድሁም።

— እሺ።

— እሺ? በቃ?

— ሰማሁህ።

ሸማኔው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፦

— ሦስት ወር ሙሉ፣ አለ፣ ሦስት ወር ሙሉ ይህችን ቃል በአፌ ይዣት ዞርሁ። የሚጠይቀኝ ሰው አጣሁ።

«አውርጂ» ግን አላላትም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ዘወርም አለች። አንጓች ቆማለች። አንገቷ ነደደ። ግን አትለምነውም። ከዚያም ከቤት ውስጥ ጩኸት ተሰማ። ስመኝ ናት። ምጥ ይዟታል።

አድማሱ ዘሎ ገባ፤ ዘሎም ወጣ። ወደ መንደሩ ሊሮጥ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። እማማ የውብዳር ለእርሱ በር አይከፍቱለትም። ወደ አንጓች ዞረ፤ ዓይኑ ላይ ንዴትም ልመናም ነበር።

— አውርጂው! አለ። አውርጂውና ሩጪ! እኔ ብሄድ አይመጡም። ይህንን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ ሩጪ!

ድንጋዩን እዚያው ደጁ ላይ ጣለችው። ሮጠች። ነጠላዋ አጥር ላይ ቀረ። እማማ የውብዳር በራቸው ላይ ተቀምጠው አተር ይለቅሙ ነበር።

— እማማ! ስመኝ ምጥ ይዟታል!

— ዘሬን የበላ ሰው ቤት አልገባም ብያለሁ፤ ምያለሁ።

— ጠየቅሁት እማማ።

— ማንን?

— አድማሱን። አልወሰድሁም አለኝ።

— ሌባ ታዲያ ወሰድሁ ይላል?

— አይልም።

— ታዲያ?

— ታዲያ አላውቅም እማማ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነው እዚህ ያደረስኋችሁ። ስመኝ ግን ብቻዋን ናት፤ ይህንን አውቃለሁ።

ባልቴቷ አተሩን ተዉት። ብዙ ጊዜ እጃቸውን አዩ። ከዚያም ተነሡና ቅቤያቸውንና ምላጫቸውን ያዙ።

— ዘሩ የኔ፣ ኀፍረቱ ያንቺ፣ ምጡ የርሷ፤ አሉ። ከሦስታችን የማይቆየው የርሷ ነው። ቅደሚ፤ ውሃ አሙቂ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች። ሦስት እልል ሰማ መንደሩ። ሁለቱ የባልቴቷ ነው፤ ሦስተኛው በጣም ቀጭን ነበር፤ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የዘሩ ሌባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ግን ሴቶቹ ቀስ በቀስ ፈትላቸውን ለአድማሱ መለሱለት፤ የመጀመሪያውን ያመጡት እማማ የውብዳር ናቸው። አንጓች ዋርካው ሥር አልተቀመጠችም። ሌላ አድማጭም አልተመረጠም። ነገር ሲነሣ ሰዎቹ «እስቲ መጀመሪያ ሰውየውን እንጠይቀው» ማለት ጀመሩ።

አድማሱ ይቅር ማለቱን በአፉ አልተናገረም። ድንጋዩንም ከደጁ አላነሣውም። አንጓች በዚያ ባለፈች ቁጥር ታየዋለች፤ አንገቷን ደፍታም ታልፋለች። ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ የልጅ ሳቅ ሰማች። ቀና አለች። ሕፃኗ ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ። ትወዛወዛለች፤ ድንጋዩን ግን አትለቅም። አድማሱ በር ላይ ቆሞ ያያታል። አንጓችንም አየ።

ከዚያም፦

— ምን ቆመሽ ታያለሽ? አለ። እንዳትወድቅ ነይ ያዣት እንጂ።

አንጓች ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ገባችም።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ ለልጆቻችሁ መልሱልኝ። አፌ ደርቋል፤ ያላችሁን ቂጣ ቆርሳችሁ አፌን አብሱልኝ፤ ትልቁን ቁራሽ የደበቀውንም እኔ አልጠቁምበትም፤ ራሱ ያውጣው።